ብልህ ፈረስ ሳናስተምረው የሚማረው

ሰው የሚወድ ፈረስ ትርኢት ማስተማር ቀላል ይመስላል። ገና ከሩቅ ሲያያችሁ ጆሮውን ቀስሮ ይመጣል፣ ኪስ ያሸታል። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለው ፈረስ ያሰብነውንም ያላሰብነውንም እኩል ይማራል።

ሳይታወቅ ምልክት መስጠት። ከሁሉም ረቂቁ ስህተት ይህ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበረ። የሂሳብ መምህር የነበሩት ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ሲጠይቁት መልሱን በሰኮናው መሬት እየመታ ይቆጥር ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፉንግስት ሲፈትሸው ግን፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ወይም ለፈረሱ ካልታየ ሃንስ ይሳሳታል። ፉንግስት እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳሳተመው፣ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያስበው አንገቱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱም ያንን አይቶ ያቆማል። ፎን ኦስተን አታላይ አልነበሩም፣ በፈረሳቸው ከልብ ያምኑ ነበር። እኔን ከሂሳቡ ይልቅ ያ ዓይኑ ይደንቀኛል።

እናንተም «እግር!» ባላችሁ ቁጥር ትከሻችሁ ዘንበል የሚል ከሆነ፣ ፈረሱ የሚያውቀው ትከሻችሁን እንጂ ቃሉን አይደለም። እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምራችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ ቃሉን ብቻ ተናገሩ፤ ወዲያው ይታወቃል።

ሽልማት ማዘግየት። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ እንበል። ካሮቱን ከኪስ ፈልጋችሁ እስክታወጡ ቀና ብሎ ደረታችሁን ቢገፋና ያን ጊዜ ቢጎርስ፣ የተሸለመው መግፋቱ ነው። አስቀድማችሁ «ጎሽ!» የሚለውን ድምፅ ከምግብ ጋር አላምዱት። ከዚያ በኋላ ልክ አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ «ጎሽ!» በሉት፣ ካሮቱ ትንሽ ቢዘገይም ግድ የለም። ኪስ ለሚበረብር ፈረስ ግን በምንም ምክንያት አታጉርሱ። ዛሬ በከንፈሩ ሲነካካ የሚያስቀው፣ ነገ በጥርሱ ይመጣል። ፊቱን ከእናንተ ሲያዞር ብቻ ስጡት።

ያልታዘዘውን ማድነቅ። የፊት እግሩን ማንሳት የተማረ ብልህ ፈረስ ሲርበውም ሲሰለቸውም እግሩን ይወረውራል። ከፊቱ ሕፃን ቆሞ ቢሆንስ? ሳይታዘዝ ላደረገው ነገር ሳቅም ቢሆን አይገባውም። በኋላ እግሮቹ መቆምንማ ልምድ ያለው አሠልጣኝ አጠገባችሁ ከሌለ ፈጽሞ አትጀምሩ። የመጀመሪያው ትምህርት ቆሞ መጠበቅ ቢሆን ይሻላል፤ ለተመልካች አያምርም እንጂ ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ማስረዘም። 10 ደቂቃ ይበቃል። ጅራቱን መወንጨፍ ሲጀምር አልፏል።

በገመድ ጠልፎ ማስተኛት። ፈረስ በተፈጥሮው ሮጦ የሚያመልጥ እንስሳ ነው፤ ጋደም የሚለው ስጋት ከሌለው ብቻ ነው። እግሩን አስሮ መጣል አንድ ቀን ያስተኛዋል፣ ከዚያ ግን ገመድ ባየ ቁጥር ይበረግጋል። ይልቅ ገላውን እጠቡትና ደረቅ አሸዋ ላይ ልቀቁት። ብዙውን ጊዜ ሊንከባለል ጉልበቱን ያጥፋል። ያኔ ከጎን ቆማችሁ «ጎሽ!» በሉት።