ባዝ ሄዳችሁ ታሪካዊ ሆቴል ለማደር ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ታሪካዊ ሆቴል ስትይዙ የምትከፍሉት ለሕንፃው ነው። ክፍሉ፣ አልጋው፣ ሻወሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ይሄ ካልተዋጠላችሁ በዚያው ገንዘብ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አዲስ ሆቴል ያዙ፤ ሰፊ ክፍል፣ ሊፍትና የመኪና ማቆሚያ ታገኛላችሁ፣ ምናልባትም ለእራት ይተርፋችኋል። ከተዋጠላችሁ ግን እንግሊዝ አገር ውስጥ እኔ መጀመሪያ የምጠቁመው ባዝን ነው።

ስለ ከተማዋ ባጭሩ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ባዝ የፍል ውሃ ከተማ ናት። ሮማውያን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ምንጩ ላይ መታጠቢያና ቤተ መቅደስ ሠሩባት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሪህ የያዘውም፣ ምንም ሳያመው ለልጁ ሀብታም ባል የሚፈልገውም እየመጣ ይከርምባት ነበር። ዛሬ ቱሪስት ቆሞ ፎቶ የሚያነሳቸው ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ ለእነዚህ እንግዶች የሚከራዩ ነበሩ። ከዚያ ፋሽኑ አለፈና ሰው ወደ ባሕር ዳርቻ መሄድ ጀመረ። ያም ሆኖ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የመንግሥት ሕክምና በሽተኛ ይልክ ነበር። በ1978 አንዲት ልጅ በውሃው ውስጥ በነበረ አሜባ ታማ ስለሞተች መታጠቢያው ተዘጋ፤ ሕዝብ እንደገና መታጠብ የቻለው አዲሱ ማዕከል በ2006 ሲከፈት ነው። አስቡት፣ በየቀኑ ከ1 ሚሊዮን ሊትር በላይ 46 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ከመሬት እየፈለቀላት ለ28 ዓመት ማንም የማይታጠብባት የፍል ውሃ ከተማ!

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሰው ባዝ ሄዶ በብዛት የሚበሳጨው ውሃውን ሳይነካ ሲመለስ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ለዩ

«ሮማን ባዝስ» የሚባለው ሙዚየም ነው። ቲኬት ገዝታችሁ ትገባላችሁ፣ አረንጓዴውን ውሃ ታያላችሁ፣ ትወጣላችሁ። መግባት ቀርቶ እጅ መንከርም ክልክል ነው፤ ውሃው አልታከመም፣ ገንዳውም ውስጡ የተለበጠው በእርሳስ ነው። ማየቱ ግን ዋጋ አለው፣ በተለይ በበጋቸው፣ ጁላይና ኦገስት ላይ፣ አምሽተው ችቦ ሲያበሩ።

መታጠብ የምትፈልጉ ከሆነ የምትሄዱት «ቴርሜ ባዝ ስፓ» ነው። ጣሪያው ላይ ገንዳ አለው፣ ከተማውን እያያችሁ ትዘፈዘፋላችሁ። ከ16 ዓመት በታች አይገባም፣ ስለዚህ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አንዳችሁ ውጭ ትቀራላችሁ ማለት ነው። የዋና ልብስ ግዴታ ነው፣ ወንድና ሴትም አንድ ላይ ነው የሚታጠበው። እናታችሁን ለጉልበታቸው ብላችሁ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እዚያ በር ላይ «እኔ ሰው ፊት አልራቆትም» ከተባለ ቲኬቱ ቀለጠ። እንዲህ ላሉ ሰዎች ከፊት ለፊቱ ያለችው «ክሮስ ባዝ» የምትባለዋ ትንሽ ገንዳ ለብቻ ልትከራይ ትችላለች፣ ዋጋዋን ጠይቁ። ደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቅ።

ሌላው ነገር፣ ሆቴሉ ስሙ ውስጥ «ስፓ» ስላለ ፍል ውሃው ወደ ሆቴሉ ይገባል ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ጋ የምታገኙት እንደ ማንኛውም ከተማ በማሽን የሞቀ የቧንቧ ውሃና የማሳጅ ክፍል ነው። የተፈጥሮ ፍል ውሃ ቀጥታ የሚገባለት ሆቴል «ጌንስቦሮ» ነው። ሕንፃው ድሮ ሆስፒታል ነበር፣ ሆቴል ሆኖ የተከፈተው በ2015 ነው፣ ርካሽም አይደለም። ሌላ ቦታ አድራችሁ ለቴርሜ መክፈል በጣም ያነሰ ያወጣችኋል፤ እኔ የምመክረውም እሱን ነው።

ለመጠጥ ደግሞ «ፓምፕ ሩም» የሚባል ያማረ አዳራሽ አለ፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ነው። ውሃው እዚያ በብርጭቆ ይሰጣችኋል። ለብ ያለ ነው፣ ብረት ብረት ይላል፣ አምቦ ውሃ የጠበቀ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ጀሪካን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጠበል አይደለም።

ሆቴሉን ስትመርጡ

የባዝ ታሪካዊ ሆቴሎች ባብዛኛው ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የድሮ መኖሪያ ቤቶች ግድግዳቸው ተበስቶ የተገናኙ ናቸው። ኩዊን ስኩዌር ላይ ያለው «ፍራንሲስ ሆቴል» እንደዚያ ነው፤ በ1942 ኤፕሪል ጀርመኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ቦምብ መትቶት እንደገና ተሠርቷል። «ሮያል ክረሰንት ሆቴል»ም ከ1767 እስከ 1774 ከተሠሩት በግማሽ ክብ ከተደረደሩ 30 ቤቶች መሃል ላይ ያሉት ሁለቱ ናቸው፣ ቁጥር 15 እና 16። ከውጭ ስታዩት የትኛው በር ሆቴል እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ቤት ሆኖ የተሠራ ሕንፃ ሆቴል ሲሆን ምን እንደሚከተል አስቡ። ዋናዎቹ ትልልቅ ክፍሎች፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ረጅም የሆኑት፣ የባለቤቶቹ ሳሎኖች የነበሩ ናቸው። ጣሪያ ሥር ያሉት ጠባቦቹ የሠራተኞች ማደሪያ ነበሩ፤ ቁመታችሁ ረዘም ካለ ጭንቅላታችሁን ትመታላችሁ። ምድር ቤት ያሉት ኩሽናና ዕቃ ቤት ነበሩ፣ ጨለም ይላሉ። ሦስቱም ግን በአንድ ሆቴል ስም፣ አንዳንዴም በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ የትኛው እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ስለዚህ ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ለሆቴሉ ኢሜይል ጻፉ፣ ወይም ደውሉ። የምትጠይቁት ክፍሉ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ሊፍት እስከዚያ ድረስ መድረሱን (አንዳንዱ ቦታ ሊፍቱ ካቆመ በኋላ ደግሞ ደረጃ አለ)፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ወይስ ወደ ጓሮ እንደሆነ፣ ሻወሩ ዝም ብሎ የሚገባበት ወይስ ገንዳ ውስጥ የሚቆምበት እንደሆነ ነው። የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እነዚያ እግር ያላቸው የሚያምሩ የድሮ ገንዳዎች ጠርዛቸው ከፍ ያለ ነው፣ ለአረጋዊ ሰው መውጫው አደጋ ነው። መልሱን በጽሑፍ ያዙት፤ ስትደርሱ ሌላ ክፍል ቢሰጧችሁ ስልካችሁን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ፣ ሪሴፕሽኑም አይከራከራችሁም።

ሌላው ሳይነገር የሚቀረው ቅዝቃዜው ነው። ባዝ ውስጥ ወደ 5,000 የሚጠጉ በቅርስነት የተመዘገቡ ሕንፃዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ላይ መስኮት እንኳ እንደፈለጉ መቀየር አይቻልም። ነጠላ መስታወት ነው፣ ወደ ላይ ተገፍቶ የሚከፈት፣ ነፋስ የሚያሾልክ። ከኖቬምበር እስከ ማርች የምትሄዱ ከሆነ ሲገቡ ወዲያው ራዲያተሩን ነክታችሁ እዩ፣ ካልሞቀ ያኔውኑ ተናገሩ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የሚያስተካክል ሰው አታገኙም። ጋቢ ብትይዙ ማንም አይስቅባችሁም፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ ካለ እኔ ይያዝ ባይ ነኝ።

የጆሮ መድፈኛም ያዙ። ባዝ ከባሕር የራቀች ብትሆንም የባሕር ወፎች ጣሪያ ላይ ይራቡባታል፣ ጎህ ሳይቀድ ይጮሃሉ፣ በተለይ በፀደይና በበጋ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከሠርግ በፊት ሊጨፍሩ ከየከተማው የሚመጡ ጎረምሶችና ኮረዶች አሉ። ወደ ጓሮ የሚያይ ክፍል ያልኩት ለዚህ ነው።

መቼና እንዴት

ቅዳሜን የያዘ ቆይታ ውድ ነው፤ ብዙ ሆቴሎች ቅዳሜን ብቻውን አይሸጡም፣ ሁለት ሌሊት ያዙ ይላሉ። እሁድ ማታ ገብታችሁ ሰኞ ወይም ማክሰኞ መውጣት ከቻላችሁ ያው ክፍል በደንብ ይረክሳል። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ የገና ገበያቸው ነው፤ ሰው በሰው ላይ፣ ዋጋውም ጣሪያ ይነካል። ገበያውን ልታዩ ካልሆነ በቀር ያን ጊዜ እለፉት። መጀመሪያ በሌላ ድረ ገጽ ዋጋውን እዩ፣ ከዚያ ራሱ ሆቴሉ ጋ ደውላችሁ «በዚህ ዋጋ ትሰጡኛላችሁ?» በሉ። ብዙ ጊዜ ዋጋውን እንኳ ባይቀንሱ ቁርስ ይጨምሩላችኋል።

ከለንደን ፓዲንግተን ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ በዕለቱ ከገዛችሁት ከሆቴሉ ጋር ሊፎካከር ምንም አይቀረው። ከቪክቶሪያ የሚነሳው አውቶብስ ይረክሳል፣ ጊዜ ግን ይበላል። ጣቢያው ከመሃል ከተማው በእግር የሚደረስ ነው። ሮያል ክረሰንት አካባቢ ከያዛችሁ ግን ዳገት ነው፣ ሻንጣ እየጎተታችሁ አትሞክሩት፣ ታክሲ ያዙ።

በመኪና ለመሄድ ብዙ አልመክርም። የድሮ ሆቴሎች አብዛኞቹ ማቆሚያ የላቸውም፣ ያላቸውም በቀን ያስከፍላሉ። መኪናውን ከተማው ዳር ካሉት የፓርክ ኤንድ ራይድ ቦታዎች አንዱ ላይ ትቶ በአውቶብስ መግባት ለቀን ጉዞ ጥሩ ነው፤ ለአዳር ግን የትኛው እንደሚፈቅድ አጣሩ። ከ2021 ጀምሮ መሃል ከተማው ላይ የአየር ብክለት ክፍያ አለ። የግል መኪናን አይነካም። የሚሠራበት ሚኒካብ ወይም ቫን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን፣ ከእኛም ብዙ አለ፣ ከመነሳቱ በፊት ሰሌዳውን የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ይይ። ደህናው ሃይብሪድ ብዙውን ጊዜ ያልፋል፣ አሮጌ ናፍጣ ነው የሚቀጣው።

ክፍል የሚሰጡት ባብዛኛው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ በፈረንጁ 3። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ሻንጣ ያስቀምጡላችኋል፣ በነፃ ነው፣ አትፈሩ።

ቁርስ

ሙሉው የእንግሊዝ ቁርስ ቤከን አለው፣ ቋሊማው የአሳማ ነው፣ ያቺ ጥቁሯ ክብ ነገር ደግሞ ከደም የተሠራች ናት። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብትሆኑ ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት ተናገሩ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወቅት ከሆነ «ጾም ነኝ» ብላችሁ አታስረዱ፣ «ቪጋን» በሉ፣ በአንድ ቃል ያልቃል። እንጉዳይ፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ዳቦና በኦት ወተት የተሠራ ገንፎ ይመጣል፣ ያጠግባል። ቁርስ ያልገባበት ዋጋ ከያዛችሁ ደግሞ አትቆጩ፣ ጥግ ካለው ካፌ በግማሽ ዋጋ ትበላላችሁ።

የጃንሆይ ነገር

ባዝን ከሌሎቹ የፍል ውሃ ከተሞች ለእኛ የሚለያት ይሄ ነው። ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ላይ ከተናገሩ በኋላ በዚያው በጋ ወደ ባዝ መጡ፣ መጀመሪያም ያረፉት «ባዝ ስፓ ሆቴል» ነው። ሆቴሉ ዛሬም በሲድኒ ሮድ አለ፣ መሃሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሀብታም ቤት ነው። በመካከል ሌላ ሥራ ላይ ውሎ ነበርና ክፍሎቹ እንደዚያን ጊዜ ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ታሪኩን ብላችሁ የምትይዙት ከሆነ በድሮው ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ጻፉ፣ አለዚያ በኋላ በተጨመረው ክፍል ልትገቡ ትችላላችሁ።

ከዚያ ኒውብሪጅ አካባቢ «ፌርፊልድ ሃውስ» የሚባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። ገንዘብ ያጠራቸው፣ ብርዱም የከበዳቸው ጊዜ ነበር። በ1954 ተመልሰው ሲጎበኙ ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠቻቸው፣ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን ይሁን ብለው ለከተማዋ ሰጡ። አሁንም አረጋውያን ይሰበሰቡበታል። ለጎብኚ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀኖች ስለሆነ ሆቴል የምትይዙበትን ቀን ከእሱ ጋር አስማሙ፤ መጀመሪያ የቤቱን የጉብኝት ቀን እዩ፣ ከዚያ ክፍል ያዙ። ብዙ ሰው በተቃራኒው አድርጎ አጥር ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ከመሃል ከተማው በምዕራብ በኩል ነው፣ በአውቶብስ ቅርብ ነው፣ መግቢያው ላይ የምትችሉትን ጣል አድርጉ፣ ቤቱ የሚቆመው በዚያ ነው።

ስትወጡ ሂሳቡን ቆማችሁ አንብቡት። ምግብ በልታችሁበት ከሆነ የአገልግሎት ተብሎ የተጨመረ መቶኛ ሊኖር ይችላል፤ «በፈቃድ» የሚል ከሆነ አስነሱልኝ ማለት መብታችሁ ነው። ክፍሉን ባብዛኛው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው የምትለቁት፣ ቴርሜን ለመውጫችሁ ቀን አድርጉት፤ ሻንጣውን ሪሴፕሽን ትታችሁ ታጥባችሁ፣ በማታው ባቡር ትመለሳላችሁ።