«ሂቭ ቱ»፦ ያለ መልህቅ በባህር መሃል መቆም

መዝገበ ቃላት «ሂቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ከባድ ነገር ማንሳት ወይም መጎተት ብሎ ይፈታዋል። መርከበኛ «ሂቭ ቱ» ሲል ግን የሚነሳም የሚጎተትም ነገር የለም። መልህቅ ሳይጥሉ መርከብን ባህር ላይ ማቆም ማለቱ ነው። የሸራ ጀልባ ስትቆም ሸራዋ አይወርድም፤ ሸራና መሪ እርስ በርስ እንዲገፋፉ ይደረጋል። ቃሉ ከአእምሮ እንዳይጠፋ ስራውን ማወቅ ይበጃል።

አስቀድመው ዙሪያውን ይቃኙ። ጀልባዋ ቀስ እያለች ከነፋሱ ጋር ስለምትንሸራተት ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ድንጋይም ዳርቻም ቅርብ መሆን የለበትም። ከዚያ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ የቻሉትን ያህል ተጠግተው ይጓዙ፤ ረጋ ብለውም አፍንጫዋን በነፋሱ ፊት አሳልፈው ወደ ሌላው ጎን ያዙሯት።

አሁን የፊት ሸራውን ገመድ አይፍቱ! ጀልባ ባዞሩ ቁጥር መፍታት የለመደ እጅ ይቸኩላል፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚህ ገመድ ላይ ነው። ገመዱ ካልተፈታ ነፋሱ የፊት ሸራውን በተቃራኒው ገጹ እየመታ አፍንጫዋን ከነፋሱ አርቆ ይገፋል። ጀልባዋ ፍጥነቷ ሲበርድ የመሪውን እጀታ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ገፍተው በገመድ ይጠፍሩት፤ መሪው ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ይመልሳል። መሪዋ እንደ መኪና ክብ ከሆነ ወደ ነፋሱ ያዙሩት። ዋናውን ሸራ ጥቂት በጥቂት እያላሉ ሚዛኑን ይፈልጉ።

ሚዛኑ ሲገኝ ጩኸቱና መናወጡ ጋብ ይላል፣ ጀልባዋም በሰዓት 1 ወይም 2 የባህር ማይል ያህል ብቻ ትንሸራተታለች። ምግብ ይበስላል፣ የደከመው ይተኛል፣ ወደማያውቁት ወደብ ለመግባት ንጋት ይጠበቃል። አንድ ሰው ግን ነቅቶ መጠበቅ አለበት። ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ በታች ውሃ ውስጥ የሚወርደው ክንፍ፣ ረጅም የሆነ አሮጌ ጀልባ ቶሎ ትረጋለች፤ ቀላል ዘመናዊ ጀልባ ታስቸግራለች። ስለዚህ በለዘብተኛ ነፋስ ደጋግመው ይለማመዱ።

ያለፈ ጊዜውን ሲጠቀሙ «ሆቭ ቱ» ይበሉ፤ ይህ ባህር ላይ የቀረ አሮጌ ቅርጽ ነው። «ዊ ሆቭ ቱ አንቲል ዶውን» ማለት «እስኪነጋ ባህር ላይ ቆመን ጠበቅን» ነው። «ሆቭ ኢንቱ ቪው» ግን ሌላ ነው፤ መርከቧ ብቅ አለች፣ ታየች ማለት ነው። የባህር ጠባቂዎች «ሂቭ ቱ!» ብለው ካዘዙ ደግሞ የሞተር መርከብም ብትሆን ቆማ መጠበቅ አለባት።