ፊልም ከኢንተርኔት በሕጋዊ መንገድ እንዴት ማየትና ማውረድ ይቻላል?

በጅማ፣ በተለይም በመርካቶና በዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ፊልም ማስጫን የተለመደ በመሆኑ፣ ብዙ ሰው ገንዘብ እስከከፈለ ድረስ ፊልሙን በሕጋዊ መንገድ ያገኘ ይመስለዋል። ክፍያው ግን ለጫኚው እንጂ ለፊልሙ ባለቤት አይደርስም። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን የማባዛትና የማሰራጨት መብት የሚሰጠው ለባለመብቱ ነው።

በመጀመሪያ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ የጫነው ማን እንደሆነ ያጣሩ። ዩቲዩብ ላይ ከሆነ፣ በፊልሙ መግቢያ የተጻፈውን የአዘጋጅ ድርጅት ስም ከቻናሉ ስም ጋር ያስተያዩ። ምስሉ እንደ መስታወት ተገልብጦ የሱቅ ታፔላ ላይ ያለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ከሆነ፣ ወይም የተዋናዮቹ ድምፅ ያለ ልክ ከቀጠነ፣ ቪዲዮውን የጫነው ሰው ያለፈቃድ የተጫኑ ቅጂዎችን ከሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት ለማምለጥ እንደሞከረ መጠርጠር ተገቢ ነው። ብዙ ተመልካች ማግኘቱ ፈቃድ ስለመኖሩ ምንም አያስረዳም።

ቀጥሎ፣ ማውረድ ከፈለጉ አገልግሎቱ ራሱ የማውረጃ ቁልፍ መስጠቱን ይመልከቱ። ዩቲዩብ ፊልም በነፃ ቢያሳይም፣ በሌላ መተግበሪያ አውጥቶ መውሰድን የአጠቃቀም ውሉ ይከለክላል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ቶረንት፣ ማለትም ፋይልን ከብዙ ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር በቁራጭ በቁራጭ የማውረጃ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ፋይሉ ወደ ኮምፒውተርዎ እየወረደ ሳለ፣ የደረሰዎትን ቁራጭ መተግበሪያው ለሌሎች ይልካልና፣ እርስዎ ሳያስቡት ከተመልካችነት ወደ አሰራጭነት ይሸጋገራሉ። ግንኙነትዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈውን ቪፒኤን መጠቀም የኢንተርኔት አድራሻዎን ቢሸፍንም ድርጊቱን ሕጋዊ አያደርገውም።

አዋጁ አንድ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ የሚፈቅድ ቢሆንም፣ ቅጂው የባለመብቱን ተገቢ ጥቅም ያለአግባብ የሚጎዳ ከሆነ ግን ይህ ፈቃድ አይሠራም። ስለዚህ ያወረዱትን በቴሌግራም ቻናል መልቀቅ፣ በፍላሽ መሸጥ ወይም በቪዲዮ ቤት አስከፍሎ ማሳየት በግል ቅጂ ስም ሊታለፍ አይችልም፤ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው በወንጀል ሊጠየቅም ይችላል። ለጓደኛዎ ማካፈል ካሻዎት ፋይሉን ሳይሆን የባለቤቱን ቻናል ሊንክ ይላኩለት፤ የተመልካች ቁጥሩም ሆነ፣ የማስታወቂያ ገቢ ካለ፣ ድርሻው ለባለቤቱ ይቆጠራል።