አስፋልት ስታስነጥፉ ገንዘባችሁን የሚያስበሉ ስህተቶች

የሰፈር ኮሚቴ ብር አዋጥቶ የውስጥ መንገዱን አስፋልት ሊያደርግ ይነሳል። የመጋዘን ባለቤት ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ግቢው ጭቃ ስለሚሆንበት አንድ ጊዜ ልገላገል ይላል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ያምራል። ችግሩ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ያኔ የሠራው ሰው ስልክ አያነሳም፣ የተዋጣው ብርም አልቋል።

የሚያንገበግበኝ ነገር ቢኖር አብዛኛው ጉዳት ገና ውል ሲፈረም የሚታወቅ መሆኑ ነው። ሰው የሚገዛው ከላይ የሚታየውን ጥቁሩን ነገር ይመስለዋል። የመንገዱን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ውፍረቱ፣ ከሥሩ ያለው ሙሌት፣ የውሃ መውረጃውና ሲጠቀጠቅ የነበረው ሙቀት ናቸው። ርካሽ ዋጋ የሚሰጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን ቀንሶ ነው የመጣው።

«ካሬው ስንት ነው?» ብሎ መጀመር

ሁሉም የሚጠይቀው ይህንን ነው። ውፍረቱ ካልተነገረ ግን መልሱ ምንም አይጠቅማችሁም። ተጠቅጥቆ ያለቀ 5 ሴንቲ ሜትር አስፋልት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 118 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሴንቲ ከሆነ 70 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ከሌላው በጣም ረክሶ ከታያችሁ፣ ምናልባት 40 በመቶ ያነሰ ዕቃ ሊሰጣችሁ ነው።

በውሉ ላይ «5 ሴንቲ ሜትር» ብቻ ተብሎ ከተጻፈም አይበቃም። «ተጠቅጥቆ 5 ሴንቲ ሜትር» መባል አለበት። ትኩስ ድብልቁ (ጠጠሩና ሬንጁ አብረው ሞቀው የተቀላቀሉት) ሲዘረጋ ልል ነው፤ ሮለር ሲሄድበት ይወርዳል። 5 ሴንቲ እንዲቀር ከተፈለገ ሲዘረጋ ከ6 ሴንቲ በላይ መሆን አለበት። ሲዘረጋ 5 ለክቶ የሚያሳያችሁ ሰው ሲያልቅ የሚያስረክባችሁ 4 ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የእናንተ ቦታ 1000 ካሬ ሜትር ከሆነና ውፍረቱ 5 ሴንቲ ከተባለ፣ ወደ ግቢው መግባት ያለበት ድብልቅ ወደ 118 ቶን ነው። የእያንዳንዱን መኪና የሚዛን ወረቀት ተቀበሉና ደምሩ። ድምሩ 80 ቶን ላይ ከቆመ ማንም መሐንዲስ ሳያስረዳችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ይህን ወረቀት መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። እንዲያውም ውሉ ላይ አስገቡት።

ዋጋው ከምን እንደሚመጣ ሳያውቁ መደራደር

አስፋልት በክብደቱ 95 በመቶ ያህሉ ድንጋይ ነው፤ ከክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫ) የወጣ ጠጠርና ደቃቅ። ድንጋዩን የሚያጣብቀው ጥቁሩ ሬንጅ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ከላይ ያልናቸው 118 ቶኖች ውስጥ ወደ 6 ቶን የሚጠጋው ብቻ ሬንጅ ነው ማለት ነው። ይህች ጥቂት ነገር ግን የዋጋውን ትልቅ ድርሻ ትይዛለች። ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ከታች የሚቀረው ከባዱ ክፍል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ላይ ያለ የድፍድፍ ማጣሪያ ስለሌለ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሬንጅ ዋጋም ከዚያ ጋር መነሳቱ አይቀርም ነበር። የዓምና ዋጋ ይዞ መከራከር የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ሌላው ወጪ ናፍጣ ነው። ክሬሸሩም፣ ድብልቁን እያሞቀ የሚያዘጋጀው ፋብሪካ (ፕላንት)ም፣ መኪናውም፣ ሮለሩም ይጠጣል። ፕላንቱ ከእናንተ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ድብልቁም መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የማሽን ማጓጓዣው ነው። ፊኒሸር (አስፋልቱን የሚዘረጋው ማሽን) እና ሮለር በሎቤድ፣ ማለትም ማሽን በሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ተጭነው መጥተው በሎቤድ ይመለሳሉ። ለ200 ካሬም ለ2000 ካሬም ወጪው ያው ነው። ትንሽ ቦታ በካሬ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎረቤት ግቢ ወይም ከቀጣዩ መንደር ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ሳምንት ብታሠሩ የምታተርፉት ገንዘብ፣ በድርድር ከምታስቀንሱት ይበልጣል።

አፈሩን ሳያዩ ማንጠፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። አስፋልት በራሱ ብዙ ሸክም አይችልም። መኪናውን የሚሸከመው ከሥሩ ያለው ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች፣ በተለይ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ቃሊቲ፣ ከሥር ያለው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰብና ይሰነጠቃል። ከላይ ያለው አስፋልት 5 ሴንቲም ይሁን 10 አብሮ መሰንጠቁ አይቀርም።

መፍትሔው ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በጥሩ ገረጋንቲ (ጠጠር በበዛበት የሙሌት አፈር) መተካት ነው። በኖራ እያከሙ ማጠንከርም ይቻላል፤ ያ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። ስንት ሴንቲ መቆረጥ እንዳለበት በዓይን አይታወቅም። አፈሩን ላቦራቶሪ ማስመርመር ከጠቅላላ ወጪው አንጻር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ እሱን ለመቆጠብ ብሎ ሙሉውን መንገድ ማጣት ያሳዝናል።

ከገረጋንቲው በላይ ደግሞ ቤዝ ኮርስ አለ፤ ከክሬሸር የሚወጣ የተመጠነ ጠጠር። ሁለቱም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ በሆነ ንብብር እየተዘረጉ፣ ውሃ እየጠጡ፣ በሮለር መጠቅጠቅ አለባቸው። ግማሽ ሜትር ሙሌት በአንድ ጊዜ ገልብጦ ከላይ ብቻ ሮለር ማስኬድ የተለመደ ማታለያ ነው። ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ልል ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ይሰምጣል።

አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት የጫነ ሲኖትራክ በቤዝ ኮርሱ ላይ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አድርጉና ከጎን ቆማችሁ ጎማውን ተመልከቱ። መሬቱ ከጎማው ሥር ከወረደ ወይም ከጎን ካበጠ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሥራ ይቁም። ተቆርጦ እንደገና ይሞላ። ተቋራጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

ውሃውን መርሳት

አስፋልትን ከመኪና ይልቅ የሚገድለው ውሃ ነው። መንገዱ ወደ ጎን ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ማዘንበል አለበት። 6 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ወደ አንድ ጎን በ2.5 በመቶ ሲያዘነብል፣ በአንዱ ጠርዝና በሌላው መካከል 15 ሴንቲ ልዩነት ይኖራል። ይህን በሜትርና በገመድ ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። ውሃው የሚወርድበት ቦይም መድረሻ ይኑረው። የጎረቤት አጥር ሥር የሚያልቅ ቦይ ጠብም ያመጣል፣ መንገዱንም ከጎን ያበሰብሳል።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የቅደም ተከተል ስህተት ነው። አስፋልቱ ተነጥፎ ወር ሳይሞላው የውሃ መስመር ሊቀበር ይቆፈራል። ቀጥሎ ፍሳሽ፣ ቀጥሎ የቴሌ ኬብል። ተቆርጦ የተደፈነ ቦታ ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ስፌት በኩል ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ቅበሩ። ገና ያልመጣ መስመር ካለም መንገዱን የሚያቋርጥ ባዶ ቱቦ አስቀምጡለት።

በሰኔ ማንጠፍ

የመሥሪያ ቤት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ስለዚህ ብር ሳይመለስ እንጨርሰው ተብሎ ዝናቡ ሲጀምር አስፋልት ይነጠፋል። የግል ሥራም አንዳንዴ ይህንኑ ይከተላል። እርጥብ ቤዝ ኮርስ ላይ የተነጠፈ አስፋልት ከሥሩ ውሃ ታቅፎ ነው የሚውለው። ሥራችሁን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ያዙ፤ በመሃል የበልግ ዝናብ ከመጣ መሬቱ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ሙቀቱም አለ። ድብልቁ ከፕላንት የሚወጣው ከ150 እስከ 165 ዲግሪ ሆኖ ነው። ወደ 85 ዲግሪ ሲወርድ ሮለሩ ቢመላለስም ብዙ አይጠቀጠቅም። በቂ ካልተጠቀጠቀ በውስጡ የሚቀረው ክፍት ቦታ ከ8 በመቶ ያልፍና ውሃ ያስገባል። መኪናው በሸራ ተሸፍኖ መምጣቱን እዩ፤ ቴርሞሜትርም ይኑር። ቀጭን አስፋልት ደግሞ ቶሎ ይበርዳል፤ ለ3 ሴንቲ የሚኖረው የመጠቅጠቂያ ጊዜ በጣም አጭር ነው።

አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ከቤዝ ኮርሱ በላይ የሚረጨው ፈሳሽ ሬንጅ፣ ፕራይም ኮት የሚባለው፣ እሱም ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት ረጭቶ ከሰዓት ማንጠፍ አይሆንም። ቢያንስ አንድ ቀን፣ ከብርድ ጋር ሁለትና ከዚያ በላይ ይቆይ። በጫማ ስትረግጡት የሚጣበቅ ከሆነ አልደረቀም።

ሬንጅ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

60/70 እና 80/100 የሚባሉት ቁጥሮች የጥንካሬ መለኪያ ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት መርፌ ሬንጁ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ያሳያሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሬንጁ ይጠነክራል። ለሞቃት ቆላና ለከባድ መኪና ጠንካራው ይሻላል። ለመንገድ የመጣን ሬንጅ ጣሪያ ላይ መቀባትም ስህተት ነው። ፀሐይ ሲመታው ይለሰልስና ይፈሳል። ለጣሪያ የሚሆነው አየር ተነፍቶበት የጠነከረው ወይም ለውሃ መከላከያ ተብሎ የተሠራው ነው።

ናፍጣና ዘይት ሬንጅን ያሟሟሉ። የማደያ መቅጃው ሥርና ጋራዥ ውስጥ ኮንክሪት እንጂ አስፋልት አይደረግም።

እባካችሁ ሌላም ነገር ልብ በሉ። በርሜል ሬንጅ በእሳት የሚያቀልጡ ልጆችን በየሥራው ቦታ እናያለን። ትኩስ ሬንጅ ውስጥ ትንሽ ውሃ ከገባ አረፋ ሆኖ ገንፍሎ ይወጣል። ሰው ላይ ከፈሰሰ ሬንጁን ከቆዳው ላይ አትላጡት። ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁ አብርዱና ወደ ሕክምና ውሰዱት።

ሲኖትራክ ሳያልፍበት ማንጠፍ

መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም። በአሜሪካ ኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ ይሄዳል። አሸዋና ብረት የጫነ አንድ ሲኖትራክ የቤት መኪኖች በዓመታት የማያደርሱትን በአንድ ቀን ያደርሳል። በሰፈራችሁ ገና ግማሹ ቤት እየተገነባ ከሆነ አስፋልቱን አታስቀድሙት። ገረጋንቲውንና ቤዝ ኮርሱን ሠርታችሁ ቆዩ። ካልሆነ ኮብልስቶን አስቡ፤ ቱቦ ሲቀበር ተነቅሎ መልሶ ይነጠፋል። ለጠባብና ዳገታማ የውስጥ መንገድ እኔ ብጠየቅ ኮብልስቶንን አስቀድማለሁ።

ስንጥቁን «ገና ትንሽ ነው» ማለት

በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ መንገዱን ዞራችሁ እዩ። ስንጥቁን አጽዱና ዝናቡ ሳይመጣ በሬንጅ ሙሉት። ጉድጓድ ካለ ድንጋይና አፈር አትጣሉበት። ጠርዙ በካሬ ቅርጽ ይቆረጥ፣ ልሉ ሁሉ ይውጣ፣ ይጠረግ፣ ጎንና ጎኑ ሬንጅ ይቀባ፣ ከዚያ ትኩስ ድብልቅ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። ሲያልቅ ከዙሪያው ጋር እኩል ይሁን እንጂ ዝቅ ብሎ ውሃ አይያዝ።