ለጎንደር ሱቆች የሞባይል ማስታወቂያ ስትሸጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ፒያሳ ላይ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የሜሴጅና የቴሌግራም ማስታወቂያ ስሸጥ ብዙ ባለሱቅ "ሌላ ጊዜ ና" ብሎ ሸኝቶኛል። አብዛኛው የራሴ ጥፋት ነበር። አሁን ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች እየበዙ ስለሆነ እኔ የከፈልኩትን እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው።

ትልቁ ስህተት ስለ ቴክኖሎጂው ማውራት ነው። "ሪች"፣ "ቡስት"፣ "ፎሎወር" እያልን እንገባለን። የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ሩብ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ስንት ቀሚስ ይሸጥልኛል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የለመድኩት፦ የትኛው ዕቃ ነው የሚያስቸግርዎት? ቋሚ ደንበኛዎ ማነው? ገበያ የሚቀዘቅዘው መቼ ነው? የእሳቸው ችግር ለጥምቀት የሚመጣው ትዕዛዝ ነበር። ሰው ሁሉ ጥር ሲገባ ይሮጣል፣ ሸማኔው ግን በአንድ ሳምንት አያደርስም። ስለዚህ የሚያስፈልጋቸው ሕዳር መጨረሻ ላይ ለድሮ ደንበኞቻቸው የሚላክ አንድ ሜሴጅ ብቻ ነበር። እሱን ሸጥኩላቸው።

ቅዳሜ አትሂዱ። ገበያ ቀን ነው፣ ባለሱቁ ራሱን ለማከክ ጊዜ የለውም። የጥምቀት ሰሞንም እንደዚያው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ይሻላል። ቡና ከቀረበላችሁም ተቀመጡና ጠጡ፤ ብዙ ሥራ ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የሜሴጅ ርዝመት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ግን 70 ብቻ ነው፤ ባዶ ቦታውና ነጥቡም ይቆጠራል። ከ70 ካለፈ ሜሴጁ ይከፋፈልና እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፣ ሂሳቡም ቢያንስ የሁለት ሜሴጅ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ ሜሴጅ ውስጥ አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ እንኳ ሁሉም ወደ 70 ይወርዳል። እኔ ይህን ሳላውቅ ዋጋ ተናግሬ ልዩነቱን ከኪሴ ሞላሁ። ስለዚህ "እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ እያልን ድርጅታችን..." ብላችሁ አትጀምሩ። "የጥምቀት ልብስ ትዕዛዝ እስከ ታህሳስ 15 እንቀበላለን።" በቃ። ይህ 35 ነው፣ የሱቁን ስምና ስልክ ለመጨመር ግማሹ ይተርፋል።

ከሰው የተገዛ የስልክ ዝርዝር አትጠቀሙ። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። አንድ ሰው በማያውቀው ሱቅ ስም ሜሴጅ ሲደርሰው ስልኬን ከየት አመጡት ብሎ ነው የሚቆጣው፣ ቁጣው የሚያርፈውም ሱቁ ላይ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ፤ የሰው ስልክ ቁጥር እንደፈለጉ የሚወስዱት ነገር አይደለም። የዱቤ ደብተር ላይ ያለውን ቁጥር መገልበጥም ልክ አይደለም። ሰውየው ቁጥሩን የሰጠው ለዕዳው እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም። ይልቅ ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ሌላ ደብተር ይቀመጥ፣ "አዲስ ዕቃ ሲገባ ሜሴጅ እንላክልዎ?" ተብሎ ይጠየቅ፣ እሺ ያለ ይጻፍ፣ አልፈልግም ያለ ቀን ይሰረዝ። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ 80 ስልክ ከማይታወቅ 2000 ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሁሉንም ነገር ኢንተርኔት ላይ አታንጠልጥሉ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ሥራቸውን በቴሌግራም ቻናል ብቻ ያሰሩ ሰዎች ደንበኞቻቸውን የሚያገኙበት መንገድ አጡ። የስልክ ቁጥር የያዘ ግን ኔትወርክ ባገኘ ሰዓት ይደውል ነበር። ቻናል ክፈቱላቸው፣ ቲክቶክም ይሁን፣ ደብተሩ ግን ይኑር።

ቀኑን ሳታዩ አትላኩ። ለሥጋ ቤት ረቡዕ ወይም ዓርብ ማስታወቂያ መላክ ደንበኛ ማስቀየም ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ሥራ የሚፈልገው በየዓይነቱ የሚሠራው ምግብ ቤት ነው፤ ሥጋ ቤቱን ለፋሲካ ዋዜማ አቆዩት። ሙስሊም ደንበኞች ያሉት ሱቅ ደግሞ ረመዳንን ጠብቆ፣ ከአፍጥር በፊት ያለውን ሰዓት ይፈልጋል።

የመጨረሻው፣ "ገበያዎ በእጥፍ ያድጋል" አትበሉ። ማንም አያውቀውም። የአንድ ወር ብቻ አስከፍሉ፣ ሜሴጁን ላሳየ ሰው ትንሽ ቅናሽ ይኑር፣ ላሳየው ሁሉ ደብተሩ ላይ ጭረት ይደረግ። ወሩ ሲያልቅ ጭረቱን ከባለሱቁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስት ከሆነም ሦስት በሉ፣ ሜሴጁን ለምን እንደምትቀይሩት ተናገሩ። እኚያ እናት በመጀመሪያው ወር 11 ጭረት አሳዩኝና የሁለተኛውን ወር ሂሳብ እዚያው በቴሌብር ላኩልኝ።