የመኪናችሁ ፊውዝ እየደጋገመ ለሚቃጠልባችሁ፦ ሾርቱን (ከረንቱ ያለቦታው ቦዲ የሚነካበትን) በአንድ አምፖል እንዴት እንደምታገኙት

ክረምት ላይ ከአጋሮ ወደ ጅማ እየተመለስኩ ማታ 12 ሰአት ተኩል አካባቢ የፓርኪንግ መብራቱና የዳሽቦርዱ መብራት አንድ ላይ ድርግም አሉብኝ። ፊውዙን ቀየርኩ፣ መብራቱን ሳበራው ወዲያው ተቃጠለ፣ ሌላ ከተትኩ እሱም ያው። ከተማ ገብቼ ያሳየሁት ሰው የፊውዙ ቦታ ላይ ሽቦ ጠምዝዞ ሰጠኝና መብራቱ በራ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ሄርማታ ሰፈር ስነዳ ግን ትንሽ ሳልሄድ ከዳሽቦርዱ ስር የሚቃጠል ላስቲክ ሸተተኝ። ቶሎ ቆሜ የባትሪውን ገመድ ፈታሁት። በማግስቱ ሳየው የአንዱ ገመድ ልባስ እንደ ሻማ ቀልጦ አጠገቡ ያለው ላይ ተለጥፏል።

ስለዚ ከሁሉም በፊት ይሄን ያዙልኝ፣ ፊውዝ የተሰራው ገመዱ እንዳይቃጠል ቀድሞ እንዲቆረጥ ነው። ሽቦ ወይ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ከከተታችሁበት የሚቆረጥ ነገር የለም፣ ገመዱ ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው። ትልቅ ፊውዝ መክተትም ያው ነው። ቀለሙን እዩ፣ ቀይ 10 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 ነው፣ ቀይ የነበረበት ቦታ ሁሌም ቀይ ብቻ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ፊውዙ መቼ እንደሚቃጠል በደንብ አስተውሉ፣ ግማሹን ስራ የሚጨርስላችሁ እሱ ነው። ፍሬን ስትረግጡ ከሆነ ስቶፕ መብራቱ መስመር ላይ ፈልጉ፣ ሪቨርስ ስታስገቡ ከሆነ የሪቨርስ መብራቱ ላይ፣ ኮረኮንች ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ እየተወዛወዘ ቦዲ የሚነካ ገመድ አለ ማለት ነው። ምንም ሳታበሩ ገና ስትከቱት ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ ችግሩ ከማብሪያው በፊት ያለው ገመድ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ ደቂቃዎች ሰርቶ የሚቃጠል ከሆነ ግን ሾርት ላይሆን ይችላል፣ የዝናብ መጥረጊያው ወይ የፋኑ ሞተር ከብዶት ብዙ ከረንት እየሳበ ይሆናል።

ከዛ አንድ የፍሬቻ አምፖል 12 ቮልት 21 ዋት ከነሶኬቱ ግዙ (ኢሱዙ የጭነት ከሆነ 24 ቮልት ስለሆነ የ24 ግዙ)። የተቃጠለውን ፊውዝ አትጣሉት፣ ፕላስቲኩን ሰበር አርጋችሁ ሁለቱ እግሮቹ ላይ አንዳንድ ገመድ አስበይዱና ከአምፖሉ ጋር አገናኙት፣ ከዛ ፊውዙ ቦታ ላይ ሰካ ነው። ይሄ አምፖል ከ1.75 አምፔር ብዙም አያሳልፍም፣ ስለዚ ሾርቱ እንዳለ ሆኖም ምንም ሳይቃጠል ስትፈልጉ መዋል ትችላላችሁ፣ በየሙከራው ፊውዝ መግዛትም ቀረ።

እንደኔ የፓርኪንግ መስመር ከሆነ መብራቱን አብሩት። አምፖሉ ሙሉ ቦግ ብሎ ከበራ ሾርት አለ፣ ፈዘዝ ብሎ ከበራ ግን የፓርኪንግ አምፖሎቹ የሚስቡት ጤነኛ ከረንት ነው። እንዳያደናግራችሁ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱን ስትነቅሉ ቦግታው ከጠፋ ችግሩ እዛው ነው፣ አምፖሉ ወይ ሶኬቱ። ሁሉም ተነቅለው አሁንም ቦግ ካለ ገመዱ ነው፣ ስለዚ የሶኬቶቹን የገመድ ማገናኛ ፍቱ፣ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የኋላ፣ የታርጋ መብራት፣ የቱን ስትፈቱ እንደጠፋ እዩ፣ ከዛ ወዲያ ያለው ገመድ ላይ ነው ማለት ነው። አንድ ሰው አምፖሉን እያየ እናንተ ገመዱን እያንቀሳቀሳችሁ ሂዱ፣ ድንገት ሲጠፋ ወይ ሲርገበገብ እጃችሁ ያለበት ቦታ ነው።

በመልቲሜትር (ገመድ ሲገናኝ ጢጥ በሚለው መለኪያ) ለምትፈልጉ፣ አምፖሎቹን ሳትነቅሉ ጢጥ ካለ አትመኑት፣ ያልጋለ አምፖል ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሾርት ያስመስለዋል። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ ደግሞ እንዳትነኩት፣ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው።

የኔ የተገኘው ፖርታ ባጋሉ ማጠፊያ ጋ ነው። ወደ ታርጋ መብራቱ የሚሄደው ገመድ ላስቲክ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፣ እኔ ደግሞ ቡና በጆንያ ስጭን ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት። ላስቲኩን ወደኋላ ሳብ ሳረገው የጤፍ ፍሬ የምታክል የተላጠች ቦታ አለች፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፣ እሱ የሚነካው ብረት ላይ ደግሞ ቀለሙ ተፍቆ ትንሽዬ ጥቁር ነጥብ አለች። በቃ ያን ሁሉ ያደረገችው እሷ ናት።

እኛ አገር ዝናቡም ስለሚረዝም ጭቃውም ስለሚበዛ የኋላ መብራት ሶኬቶችን፣ ከጎማ በላይ የሚያልፈውን ገመድና በኋላ የተገጠመ ቴፕና አላርም የተቀጠለበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ። ግቢ የሚያድር መኪና ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱና አይጥ የበላው ገመድ ፈልጉ።

ስትጠግኑ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ የተጎዳውን ቆርጣችሁ ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ ገመድ ቀጥሉና አስበይዱት፣ ሲሞቅ የሚጨመደደውን ላስቲክ አልብሱት። ናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው አይበቃም፣ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይላቀቃል። ማጠፊያ ጋ ከሆነ ገመዱን ላላ አርጉት። ከዛ ባትሪውን መልሱ፣ የነቀላችሁትን ሁሉ ግጠሙ፣ ያ አምፖል አሁንም ፊውዙ ቦታ ላይ እንዳለ መብራቱን አብርታችሁ ፖርታ ባጋሉን 20 ጊዜ ያህል ክፈቱ ዝጉ፣ ፈዘዝ እንዳለ ከቆየና አንዴም ቦግ ካላለ አምፖሉን ነቅላችሁ የቦታውን ትክክለኛ ፊውዝ (የኔ ቀዩ 10 ነው) ክተቱ።