የአየር ጠመንጃን አሠራር ማወቅና በጥንቃቄ መጠቀም

የአየር ጠመንጃ በአሜሪካ መደብሮች ውስጥ ከኳስና ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃዎች አጠገብ ተደርድሮ ይሸጣል። ባሩድ ስለማይጠቀም የፌዴራሉ ሕግ ከጦር መሣሪያ ጋር አይቆጥረውም፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ወላጆች ለልጅ የልደት ስጦታ ይሆናል ብለው ይገዙታል። የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ግን ጥይታቸው በሰከንድ ከ350 ጫማ፣ ማለትም ከ107 ሜትር ገደማ በላይ የሚፈጥን የአየር ጠመንጃዎችን ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እንዳይጠቀሙባቸው ያሳስባል። ለአዋቂዎች ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ይህን ፍጥነት በእጥፍ ይበልጡታል። ዓይን ሊያጠፉ፣ ቆዳ በስተው ሊገቡ፣ ሰውም ሊገድሉ ይችላሉ፤ ገድለውም ያውቃሉ።

ስለዚህ ጠመንጃውን የሚያነሣ ሰው ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ለየብቻቸው መመለስ አለበት፤ የመጀመሪያው በውስጡ የታመቀ ኃይል አለ ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥይት ጎርሷል ወይ የሚል ነው። የአንዱ መልስ የሌላውን አይናገርም፤ መልሱን የሚሰጠው ደግሞ የጠመንጃውን አሠራር ማወቅ ነው።

በጀማሪዎች እጅ በብዛት የሚገኘው በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራው ዓይነት ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ በውስጡ ያለው ጠንካራ ሞላ ይጨመቃል፤ ምላጩ ሲሳብ ሞላው ተወርውሮ አየሩን ይገፋዋል፣ አየሩም ጥይቱን ያስፈነጥረዋል። በዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ትልቁ አደጋ የሚደርሰው ጥይት በሚጎርስበት ጊዜ ነው፤ የታጠፈው አፈሙዝ ሳይታሰብ ከተፈናጠረ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል፣ ጥይቱ ገብቶ አፈሙዙ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ በሌላው እጅ አጥብቆ መያዝ ግዴታ ነው። ያለ ጥይት መተኮስም አይገባም፤ የሞላውን ግፊት የሚያለዝብ አየር በቦታው ስለማይቀር ውስጣዊ ክፍሎቹ ይጎዳሉ። አቀባብሎ ማቆየት ደግሞ ሞላውን ያደክማል፣ በአካባቢው ላለ ሰውም አደገኛ ነው።

በእጅ የሚነፋው ዓይነት በተደጋጋሚ በተነፋ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፤ አምራቹ ከወሰነው ቁጥር ማለፍ ግን ፋይዳ የለውም፣ መሣሪያውንም ያበላሻል። 12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለህ፣ ማለትም ጋዝ የታመቀበት ትንሽ የብረት ዕቃ፣ የሚጠቀመው ዓይነት ግፊቱ ከሙቀት ጋር ስለሚጨምር፣ ጠመንጃውንም ሆነ ቀለሁን በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው አይገባም። ከሁሉም የላቀ ጥንቃቄ የሚሻው አስቀድሞ በታመቀ አየር የሚሞላው ነው። የአየር መያዣ ጋኑ ከ200 እስከ 300 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ይይዛል፤ የመኪና ጎማ የሚይዘው ከ2 ባር ትንሽ የሚበልጥ መሆኑን ላሰበ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። በዚህ ጋን ውስጥ መግባት ያለበት ደረቅና ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ኦክስጅን መሙላት ወይም ተራ የሞተር ዘይት መቀባት ፍንዳታ ሊያስከትል ይችላል። የጋኑን የአገልግሎት ዘመን የሚያመለክተውን ቀን ማየትም መዘንጋት የለበትም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በግምት መወሰን ፈጽሞ አይቻልም። በተለይ ቢቢ የሚባሉትን ክብ የብረት ጥይቶች በውስጣቸው ካለው የጥይት ማከማቻ የሚያጎርሱ ጠመንጃዎች፣ ሲነቀነቁ ምንም ድምፅ ሳይሰማ አንድ ጥይት በውስጣቸው ተሰንቅሮ ሊቀር ይችላል፤ ቀጥሎ ሲቀባበልም ያው ጥይት ይጎርሳል። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ መዞር ያለበት፣ ጣትም ዒላማው በማነጣጠሪያው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከምላጩ መራቅ ያለበት ለዚህ ነው። ምላጩን የሚቆልፈው የጥንቃቄ ቁልፍ ተጨማሪ መከላከያ እንጂ የነዚህ ልማዶች ምትክ አይደለም።

የመተኮሻ ቦታ ሲመረጥ ከዒላማው ይልቅ ከዒላማው በስተጀርባ ያለው ነገር ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል። የአየር ጠመንጃ ጥይት ከ300 ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል፤ የአሜሪካ ሰፈር ጓሮ የእንጨት አጥር አያስቆመውም ብሎ ማሰብ ይሻላል። የእርሳስ ጥይትን ተቀብሎ የሚያስቀር የብረት ሣጥን መግዛት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የብረት ቢቢ በጠንካራ ነገር ላይ ሲያርፍ ወደ ተኳሹ ስለሚመለስ በብረት፣ በድንጋይ ወይም በግንብ ላይ ሊተኮስ አይገባም፤ ጠመዝማዛ ጎድጎድ ባለው አፈሙዝ ውስጥ መጠቀሙም አምራቹ ካልፈቀደ በስተቀር አፈሙዙን ይፍቀዋል። ተኳሹም ተመልካቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ጥይቱ በአብዛኛው ከእርሳስ ስለሚሠራ በመካከል መብላት አይገባም፤ ከጨረሱ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

ልጁ በእውነት ፍላጎት ካለው፣ ከጓሮ ይልቅ አሠልጣኝ ወዳለበት ክለብ መውሰድ እጅግ የተሻለ ነው። የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ጀምሮ የሚካሄድ ስፖርት ነው። የጥይቱ ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው እምብርት ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትንፋሽን መቆጣጠር፣ ሰውነትን ማርጋትና ምላጭን በቀስታ መሳብ ማለት ምን እንደሆነ ልጆች የሚማሩት በዚህ ዓይነት ቦታ ነው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራቸው ግን ይህን ነው፤ ጠመንጃው ከእውነተኛው ጋር ስለሚመሳሰል በመንገድ ወይም በመናፈሻ በግልጽ ሊያዝ አይገባም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2014 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የ12 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ታሚር ራይስ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ መናፈሻ ውስጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶበት፣ ልጁ በማግስቱ ሞተ። የፌዴራሉ ሕግ በመጫወቻ ሽጉጦች ላይ የሚያዘው ብርቱካናማ ምልክት በአየር ጠመንጃ ላይ ግዴታ አይደለም። ጥቁር ልጆች ያሉን ወላጆች ይህን ሳንነግራቸው ጠመንጃውን በእጃቸው መስጠት የለብንም። ሲጓጓዝ ባዶ ሆኖ፣ በተዘጋ መያዣ ውስጥ፣ በመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ከጥይቱ ተለይቶ ይቆለፍበት።

ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ኒው ጀርሲ የአየር ጠመንጃን ከጦር መሣሪያ ትቆጥረዋለች። በእንግሊዝ ኃይሉ ከ16.3 ጁል (የጥይቱ ጉልበት መለኪያ) የሚበልጥ የአየር ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ስኮትላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ዝቅተኛ ኃይል ላላቸውም ፈቃድ ትጠይቃለች። በጀርመን ያለ ፈቃድ የሚገዛው ከ7.5 ጁል የማይበልጠው ሲሆን ገዢው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ የሚያስብ ሰው፣ አገሪቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላላት፣ ከፖሊስና ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ በሻንጣው ሊከተው አይገባም።

ሰው ከተመታ፣ የቁስሉ አፍ ትንሽ መሆኑ ሊያዘናጋ አይገባም፤ ጥይቱ ጠልቆ ሊገባ ስለሚችል በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። የተመታ ዓይን አይጫን፣ አይታሽ፣ የገባውን ነገር ለማውጣትም አይሞከር፤ ሳይነካው በሚከልል ነገር ተሸፍኖ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ጥይቱ ከብረት ወይም ከእርሳስ መሆኑን ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው፤ በሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት የሰውነትን ውስጥ በምስል በሚያሳየው የኤም አር አይ መሣሪያ ማግኔት ሊንቀሳቀስ ስለሚችል፣ ይህ ሳይታወቅ ምርመራው መጀመር የለበትም።